ከስልኩ እስከ በረካው፦ የጡረተኞች ማኅበር እንደገና በአካል እንዲገናኝ ምን ይደረግ?

ደሴ ላይ ከዩኒቨርሲቲ ጡረታ የወጣን ሰዎች ማኅበር አለን። መምህሩም፣ የላብራቶሪ ባለሙያውም፣ የሒሳብ ሠራተኛውም፣ ጥበቃውም፣ ጽዳቷም አለች። እኔ ቤተ መጻሕፍት ነው የሠራሁት፣ አሁን የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ። ድሮ በወር አንድ ቀን ተሰብስበን ቡና እንጠጣ ነበር። መጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን ገባ። ብዙም ሳይቆይ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ በአዋጅ ተከለከለና እኛም አቆምን። እሱ ላላ አለ ስንል ደግሞ በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፣ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበተነ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋ ነጻ ወጥታ ከተመለስን በኋላም መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ኔትወርኩ ሲመጣ ሲጠፋ፣ «ነገሩ ይረጋጋና» እየተባባልን ዓመታት ሄዱ።

በቴሌግራም ግን አልተጠፋፋንም። ጠዋት ጠዋት የአበባ ሥዕል እንላላካለን፣ «እንደምን አደራችሁ» እንባባላለን። ደግ ነገር ነው። ነገር ግን ሰው ሲከሳ፣ ሲተክዝ፣ አንድ እግሩን መጎተት ሲጀምር በአበባ ሥዕል አይታይም።

አሁን መሰብሰብ ጀምረናል። ሌሎችም እንደዚህ ያለ ማኅበር ያላችሁ «እንዴት አደረጋችሁት?» ስለምትሉኝ ያደረግነውን በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ። አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልናገር። እኛ ሰው የሚቀረው በሽታ ፈርቶ ወይም ብር አጥቶ መስሎን ነበር። ስንጠይቅ ግን አብዛኛው የቀረው አፍሮ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ፣ ስለ ወንበርም ይሁን ስለ ሽንት ቤት፣ ሰው እንዳያፍር ምን እናድርግ ነው ነገሩ።

መጀመሪያ ደብተርና ስልክ

አዳራሽ ከመፈለጋችሁ በፊት ደብተር ግዙ። ተራ ባለ መስመር ደብተር ይበቃል። የድሮውን መዝገብ አውጡና ለአንድ ሰው አንድ ገጽ እየሰጣችሁ ስሙን ገልብጡ። አንድ ሙሉ ገጽ የምላችሁ የምትጽፉት ስልክ ቁጥር ብቻ ስላልሆነ ነው። ጉልበቱ ደረጃ ይወጣል ወይ? ጆሮው ይሰማል ወይ? ስኳር አለበት? ከማን ጋር ነው የሚኖረው? ስልክ ካላነሳ ለየትኛው ልጁ ነው የሚደወለው? ይሄ ሁሉ ቦታ ይፈልጋል።

ከዚያ ደውሉ። ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ለጥፎ መጠበቅ አይሠራም። እኛ ሞክረነዋል። አውራ ጣት ያሳየን ብዙ ሰው ነበር፣ የመጣው 7 ሰው ነው።

ጥሪውን ለ4 ወይም ለ5 ሰው አካፍሉት፣ ግን በፊደል ተራ አታካፍሉ። ሰው የሚያወራው ለሚቀርበው ነው። ጽዳት ለነበረች ሴትዮ ዲን የነበረ ሰው ቢደውልላት «እሺ ጌታዬ፣ እግዜር ያክብርልኝ» ብላ ትዘጋለች እንጂ የባጃጅ ብር የለኝም አትለውም። አብራት ስትሠራ የነበረች ጓደኛዋ ከደወለች ግን ሁሉንም ትነግራታለች። ጥበቃውን ጥበቃው፣ መምህሩን መምህሩ፣ የኮምቦልቻውን የኮምቦልቻው ይደውልለት።

ስትደውሉ በስብሰባው አትጀምሩ። ጤናቸውን ጠይቁ፣ ልጆቹን ጠይቁ፣ ዝናቡን አንሱ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ «ቡናችንን ልንቀጥል አስበናል፣ ለመምጣት ምን ያስቸግርዎታል?» በሏቸው። «ይመጣሉ ወይ?» ከተባሉ «ኢንሻአላህ» ወይ «እግዜር ያውቃል» ይሏችኋል፣ ነገሩም እዚያው ላይ ያልቃል። ምን ያስቸግርዎታል ስትሏቸው ግን ዝም ይሉና ይናገራሉ። ፊዚክስ ያስተምሩ የነበሩ አንድ ጋሼ ሁለት ጊዜ «ሥራ አለኝ» ሲሉኝ ቆይተው በሦስተኛው «የፊት ጥርሴ ወልቋል እኮ፣ ስስቅ ያስታውቃል» አሉኝ። እኚህ ሰው ክፍሉን በሙሉ የሚያስቁ መምህር ነበሩ። እኔ ደግሞ ያለ ጥርስ የሚመጡ ሌሎች 3 ሰዎች እንዳሉ፣ ስም ሳልጠራ፣ ነገርኳቸው። መጡ።

በዚህ ጥሪ መካከል ማለፋቸውን ያልሰማችሁትን ሰው ትሰማላችሁ። ልጅ ያነሳና «አባባ እኮ ዐረፉ፣ ዓመት አለፋቸው» ይላችኋል። ተዘጋጁበት። በዚያን ሰዓት ስለ ስብሰባው አንዲት ቃል አትተንፍሱ። አጽናኑ፣ ቤቱን ጠይቁ፣ ደብተሩ ላይ ጻፉ። ከተቻለ በዚያው ሳምንት ሂዱ።

ልቅሶው ይቅደም

ከሁሉም በላይ የምመክራችሁ ይሄን ነው። በእኛ አገር ልቅሶ ያልደረሰ ሰው ሐዘንተኛውን በምን ዓይኑ ያያል? በእነዚያ ዓመታት ደግሞ ያልደረስነው ልቅሶ ብዙ ነው። በኮሮናው ጊዜ ቀብሩ በጥቂት ሰው ነበር የሚፈጸመው። በጦርነቱ ጊዜ ማን የት እንዳለ እንኳ አይታወቅም። ቅሬውም እንደ ወትሮው ድንኳን ጥሎ አላስተዛዘነም። (ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎ ላይ ቅሬ ነው የምንለው።)

አንድ ቀን ፒያሳ ላይ የድሮ ባልደረባዬን ከሩቅ አየሁት። ባለቤቱ ስታርፍ አልደረስኩም ነበር። ደውዬም አላጽናናሁትም፣ ዛሬ ነገ ስል ቆየና ጭራሽ መደወሉም አሳፈረኝ። እስኪያልፍ ድረስ ፋርማሲ ገባሁ። ምንም የምገዛው የለም። የመድኃኒት ካርቶን እያነበብኩ ቆየሁ። ከወራት በኋላ ለዚሁ ለማኅበሩ ጉዳይ ስደውልለት ምን አለኝ? «ፋርማሲ ስትገባ አይቼሃለሁ። እኔም እኮ የወንድምህን ልቅሶ አልደረስኩም፣ እንኳን ገባ ብዬ ነው ፈጠን ብዬ ያለፍኩት።» ሁለታችንም ስልኩን ይዘን አለቀስን።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን የእርም ማውጫ ይሁን። ሌላ አጀንዳ አይኑረው። እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። የሞቱትን አባላት ስም ዝርዝር አዘጋጀን። እያንዳንዱን ስም ከቤተሰብ አረጋገጥን፣ በወሬ የሰማነውን አልጻፍንም። ይሄን በጣም ተጠንቀቁ፣ በሕይወት ያለን ሰው ከሙታን ጋር መጥራት የሚሽር ነገር አይደለም። ከየቤተሰቡ የቻለ አንድ ሰው እንዲመጣ ጋበዝን። ስሙን ከሥራው ጋር ጠራን፦ ጋሼ እገሌ፣ ከወርክሾፕ፤ እትዬ እገሊት፣ ከሪከርድና ማኅደር። ማዕረግ አልጠራንም፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ተጠራ። ከክርስቲያኑ አንድ አባት፣ ከሙስሊሙ አንድ አባት ቆመው በየተራ ጸለዩ፣ ዱዓ አደረጉ። አንዱ ወገን ነፍስ ይማር፣ ሌላው አላህ ይርሐማቸው አለ፣ ሁሉም አሜን፣ አሚን አለ። ወሎ ላይ ይሄ ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም።

ከዚያ ንፍሮ ቀረበ። ንፍሮ የሐዘን ቤት ምግብ ነው፣ ጾመኛውም ያልጾመውም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይበላዋል፣ ብዙ ወጪም የለውም። ስንዴውንና ሽምብራውን ከማታ ዘፍዝፋችሁ በደንብ ይብሰል፣ ጥርስ የሌለው ሰውም ይብላ። ከንፍሮው በኋላ ሰው ራሱ እየተነሳ ወደ ሐዘንተኛው ይሄዳል። «አልደረስኩም፣ ይቅር በለኝ» ይላል። «እግዜር ያጥናህ»፣ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ይባባላል። እናንተ አትምሩት፣ አታስተዋውቁት፣ ማይክራፎን አታምጡ። ዝም ብላችሁ ጊዜ ስጡት። እኛ 1 ሰዓት ይፈጃል ብለን 2 ሰዓት ተኩል ቆየን።

ልጃቸውን ያጡ ሰዎች ካሉ አስቀድማችሁ ለብቻ ጠይቋቸው። ስሙ እንዲጠራላቸው የሚፈልግ አለ፣ በሰው ፊት የማይችለውም አለ። ሁለቱም ልክ ነው።

ቦታ ስትመርጡ ከዘራ የያዘውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ

ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር የተኛች ከተማ ናት፣ ዳገትና ቁልቁለት ነው ያላት። ካርታ ላይ ቅርብ የሆነ ቦታ ለ70 ዓመት ጉልበት ሩቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቦታ የምትመርጡት ኮሚቴዎች ብቻችሁን አትሂዱ። ከመካከላችሁ በከዘራ የሚሄደውን ሰው ይዛችሁ ሂዱና እሱ ገብቶ ይቀመጥ፣ ይነሳ፣ ሽንት ቤት ገብቶ ይውጣ። እሱ የደከመበትን ቦታ ተዉት።

የምታዩት ይሄን ነው። ምድር ቤት ይሁን። አንደኛ ፎቅ ያለ የሚያምር አዳራሽ በነጻ ቢሰጧችሁም አመስግናችሁ ተዉት። ባጃጁ በር ድረስ ይግባ፣ በተለይ ክረምት ላይ ከአስፋልቱ እስከ በሩ ያለችው ጭቃ ሰው ትሰብራለች። ወንበሩ መደገፊያ ይኑረው። እነዚያ ክንድ የሌላቸው ትንንሽ በርጩማዎች ለቡና ያምራሉ፣ ግን ጉልበቱ የታመመ ሰው ከበርጩማ ሲነሳ ሁለት ሰው ይጎትተዋል፣ እሱም በሚቀጥለው ወር አይመጣም።

ስለ ሽንት ቤቱ በግልጽ ላውራ፣ ሰው ስለሚያፍርበት። በእኛ ዕድሜ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስደው ደግሞ ይብስበታል። ብዙ ሰው ከቤቱ የማይወጣው ለዚህ ነው፣ ግን አይናገረውም። የመቀመጫ ሽንት ቤት ያለበትን ፈልጉ። ከሌለ የሚያዝበት ብረት ወይም ጠንካራ እንጨት ግድግዳው ላይ አስመቱ። ውሃ ይጠፋልና 2 ጀሪካን ሞልታችሁ አስቀምጡ፣ ሶፍትና ሳሙና አድርጉ። የት እንዳለ ሰው ሳይጠይቅ እንዲያውቅ በትልቁ ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉ።

አየሩም አለ። ጉንፋኑም፣ ኮሮናውም፣ የሳንባ ነቀርሳውም የሚወደው የታፈነ ክፍል ነው። ደሴ ደግሞ ብርድ ስለሆነ ሁሉም ሰው መስኮት ዝጉ ይላል። የእኛ መፍትሔ በረንዳ ነው፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ግቢ። ግቢ ካጣችሁ ሁለት መስኮት ፊት ለፊት ክፈቱና ለሚበርደው ጋቢ አዘጋጁ። ያሳለው፣ ያተኮሰው ሰው ቤቱ ይቅር፣ ይሄን ስትደውሉ ንገሩ። ቀርቶ ሲውል ደግሞ ቡናው ይሂድለት።

ሰዎቹ ፊት ለፊት እንዲተያዩ ወንበሩን ክብ አድርጉ። ጆሮው የደከመ ሰው ከንፈር አይቶ ነው የሚሰማው። ቴሌቪዥን ካለ ይጥፋ፣ ሙዚቃም አይከፈት።

ቀንና ሰዓት

እንደ ጽዋ ማኅበር በወሩ ቀን፣ በየ12ቱ ወይም በየ21ዱ ብላችሁ አትያዙ። ቀኑ አንድ ወር ዓርብ ላይ ይውላል፣ ሙስሊሙ ጁምዓ አለበት። አንድ ወር እሑድ ይውላል፣ ክርስቲያኑ ቅዳሴ አለበት። በሳምንቱ ቀን ያዙት። እኛ የወሩ ሁለተኛ ሐሙስ አድርገነዋል። ሰኞ ከተማው በገበያ ይጨናነቃል፣ ዓርብና እሑድ እንዳልኩት ነው፣ ቅዳሜ ሠርግና ልቅሶ አይጠፋውም።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል። ከ4 በፊት ብርድ ነው፣ ጉሙም አልተነሳም። ከሰዓት ደግሞ በክረምት ዝናብ ይመጣል፣ እየመሸ ሲሄድ ባጃጅ ይጠፋል፣ የሰዓት ገደብ በወጣ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አይገኝም። ዓይኑ ማታ የማያይለትን ሰው ፀሐይ ሳለች ቤቱ አድርሱት።

በጾም ወራት ይሄ ሰዓት አይሠራም። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ቡና አይቀምስም፣ ረመዳን ላይ ደግሞ ሙስሊሙ ቀኑን ሙሉ ጾመኛ ነው። በ2018 ሁለቱ በአንድ ሳምንት ነው የጀመሩት፣ ጥሩ አጋጣሚ ሆነልን፣ እኩል ዐረፍን። በሌላ ዓመት ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ግማሹ እየጾመ ግማሹ ፊቱ ላይ ስኒ አያንሳ። በእነዚያ ወራት ሁለት ሁለት ሆናችሁ ቤት ለቤት ተጠያየቁ፣ ከኢድና ከፋሲካ በኋላ ቀጥሉ።

ለቀበሌው አስቀድማችሁ በደብዳቤ አሳውቁ። ወረቀቱን የያዘ አንድ ሰው በዕለቱ ቀድሞ ይገኝ። መንገድ ላይ ችግር ካለ ደግሞ አትጋፉ፣ ለሁሉም ደውሉና አራዝሙ።

ቡናውና ቁርሱ

ሥጋ አታስገቡ። ወሎ ላይ ለሠርግ የሁለቱንም ሥጋ ለየብቻ አዘጋጅቶ ማብላት እናውቅበታለን፣ ግን በወር በወሩ ለጥቂት ሽማግሌና ባልቴት ሁለት ድስት መጣድ ወጪ ነው፣ ማዕዱንም ለሁለት ይከፍላል። ቡና፣ ዳቦ፣ ቆሎ ለሚችለው፣ ለስላሳ ንፍሮ ወይም የተቀቀለ ድንች ለማይችለው። በቃ። ከአንድ ትሪ ሁሉም ይበላል።

ስኳሩ ስኒ ውስጥ አይጨመር፣ ለብቻው ይቅረብ። በልማዱ ጨው የሚያስጨምርም አለ፣ እሱም ለብቻው ይሁን፣ ግፊት ያለበት ይተወዋል። ሰው ስኳር በሽታ አለብኝ ብሎ በሰው ፊት እንዲናገር አታስገድዱት።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ይሄ ነው፦ ቁርሱ ሰው እንደገባ ይቅረብ። ንግግሩ ይለቅ፣ ምርቃቱ ይድረስ አትበሉ። ጠዋት ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን ወስዶ የመጣ ሰው ምግብ ካላገኘ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ላብ ላብ ካለው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወዲያው 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻለው ድገሙት፣ ቀጥሎ ዳቦ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፣ በጎኑ አስተኝታችሁ ፈጥናችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ይሄን የሚያውቅ አንድ ሰው በየስብሰባው ይኑር። እኛ ጋ ነርስ የነበረች እህት አለች፣ በር አጠገብ ነው የምትቀመጠው።

ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል። ፍም እስኪሆን ድረስ ወደ ክፍሉ አይግባ፣ ከገባም መስኮት ተከፍቶ ነው። ፍም የሆነ ከሰልም ቢሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ሽታ ስለሌለው ሰው እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል እንጂ አያውቀውም። አንዲት ኬሚስትሪ ያስተምሩ የነበሩ እትዬ ረከቦቱ ከበረንዳው እንዳይገባ ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆመው ያስጠነቅቁናል፣ እኛም እንታዘዛቸዋለን። ዕጣኑንም ቀነስ አድርጉት፣ አስም ያለበት አለ።

ቡናውን ማን ያፍላ? በየወሩ ሴቶቹ ላይ አይውደቅ። እነሱም ጡረታ ወጥተዋል፣ ጉልበታቸው እንደ እኛው ነው። እኛ በሠፈሩ ቡና ለምታፈላ ልጅ ከፍለን ነው የምናስፈላው። ወንዶቹ ስኒ ያቀርባሉ፣ ያጥባሉ።

አቦሉን፣ ቶናውን ጠጥቶ የሚነሳ ይኖራል፣ አትያዙት። ግን በረካው ሳይጠጣ ምርቃት አታድርጉ። ቁም ነገሩ የሚወጣው በረካው ላይ ነው። የታመመ ልጁን፣ ያላለቀ የፍርድ ቤት ጉዳዩን፣ ያጣውን መድኃኒት ሰው የሚያነሳው ያኔ ነው።

ገንዘቡ

በመካከላችን የጡረታው መጠን ሰማይና ምድር ነው። ፕሮፌሰር ሆኖ የወጣና ጥበቃ ሆኖ የወጣ አንድ ዓይነት መዋጮ ቢጠየቁ አንዱ አይሰማውም፣ ሌላው የወር ሽሮውን ነው የሚከፍለው። «የአቅምዎን» ብሎ ስም እየጠሩ መጻፍም ያው ነው፣ 20 ብር የሰጠው ሰው ከ500 ብሩ ቀጥሎ ሲጠራ ይሳቀቃል። እኛ የእንጨት ሣጥን በር አጠገብ አስቀምጠናል። ከሣጥኑ አጠገብ ማንም አይቆምም፣ ማንም አይጽፍም። የቻለ ይጨምራል፣ ያልቻለ አልፎ ይገባል። በመጨረሻ ሦስት ሰው ይቆጥርና ድምሩ ብቻ ለሁሉም ይነገራል። ገንዘቡ አልጎደለብንም።

የባጃጁን ነገር ደግሞ ደዋዮቹ ይጨርሱት። ስልክ ላይ «እኔ በዚያ በኩል ስለማልፍ ይዤዎት እሄዳለሁ» ማለት «የትራንስፖርት ይከፈልዎታል» ከማለት ይሻላል። ክፍያው ከሣጥኑ ይወጣል፣ ሰውየው ግን አብሮ ሄደ እንጂ ተረዳ አይባልም።

የባንክ ደብተር ካላችሁ ቶሎ ብላችሁ እዩት። ፈራሚዎቹ ምናልባት ሞተዋል፣ ወይም ከተማ ቀይረዋል። እንዲህ ሲሆን ባንኩ አዲስ ፈራሚ የተመረጠበት፣ ማኅተም ያረፈበት ቃለ ጉባኤ ይጠይቃችኋል። ስለዚህ በሁለተኛው ስብሰባ፣ በመጀመሪያው አይደለም፣ 10 ደቂቃ ወስዳችሁ 3 ፈራሚ ምረጡና ቃለ ጉባኤውን እዚያው አስፈርሙ።

የኮምቦልቻዎቹ

ግማሽ ያህሉ ሰዎቻችን ኮምቦልቻ ነው የሚኖሩት። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ማለት ሰውየው ከሙቀት ተነስቶ፣ የሐረጎን ዳገት በጉም ዞሮ፣ ብርድ ውስጥ ይገባል። ልብ ወይም ሳንባ የሚያስቸግረው ሰው ይሄ ይሰማዋል። ከመናኸሪያ በየግሉ ተጋፍቶ እንዲመጣ አታድርጉ። አንድ ሚኒባስ በጋራ ይከራዩ፣ ከየቤቱ ይውሰዳቸው፣ የፊት ወንበሩ እግሩን ለማያጥፍ ሰው ይሁን። ሹፌሩ ቀስ እንዲል ከመነሳቱ በፊት ዋጋ ሲነጋገሩ ይነገረው። ደርሰው ሲወርዱም ሩብ ሰዓት ይረፉ፣ ወዲያው ዳገት አታስወጧቸው።

ደግሞ ሁልጊዜ እነሱ ብቻ ለምን ይምጡ? ከሦስት አንዱን ወር እኛ ወደ ኮምቦልቻ እንወርዳለን። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የደሴ ብርድ አጥንት ሲበላ፣ እዚያ በረንዳ ላይ ሹራብ አውልቆ መቀመጥ መድኃኒት ነው። ሰዉ ከለመደ በኋላ ሐይቅ ድረስ ለመሄድ እያሰብን ነው፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግን ይሄ የመጀመሪያው ዓመት ሥራ አይደለም፣ አትቸኩሉ።

በዕለቱ

ሁለት ሰው ከበር ላይ ይቁም። ሥራቸው ስም ማስታወስ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሰው ተለውጧል፣ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ወፍሯል፣ ከስቷል። «አላወቅኩዎትም» መባል ለሽማግሌ ያማል። በር ላይ ያለው ሰው «አያ እገሌ መጡ፣ ከጥገና ክፍል!» ብሎ ጮክ ብሎ ይጥራቸው፣ ውስጥ ያለውም ሳይሳቀቅ ስማቸውን ያገኘዋል። «ዶክተር»፣ «ፕሮፌሰር» የሚለውን እዚያው በር ላይ ተዉት፣ ጋሼና እትዬ፣ አያና እማማ ይበቃል። የሚረሱ ሰዎች ካሉ አንድ የሚያውቃቸው ሰው ከጎናቸው ይቀመጥና እስከ ቤታቸው ይሸኛቸው። አንድ ታሪክ ሦስቴ ቢያወሩ ሦስቴም ይደመጥ።

ፖለቲካ ይነሳል። ሁሉም ሰው የነካው ነገር ስላለ ዝም በሉ ማለት አይቻልም። ግን ድምፅ ከፍ ሲል ከእኛ አንድ በዕድሜ የገፉ አባት አሉ፣ «አብሽሩ፣ ቡናው ቀዘቀዘ» ይላሉ። ሁሉም ይረዳቸዋል። እናንተም እንዲህ ቃሉ የሚከበር አንድ ሰው አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

በዚያው ማታ

ስብሰባው ሲያልቅ የተረፈው ዳቦ በፌስታል ይከፋፈል። ለመውጣት ለማይችሉት ሁለት ሁለት ሰው እየሆነ በዚያው ቀን ይዞላቸው ይሂድ፣ ማን እንደመጣ፣ ማን ምን እንዳለ ይንገራቸው። ሰው ቤቱ ሆኖ ወሬው ከደረሰው አባል እንደሆነ ይቆያል።

ሳይመጣ ለቀረው ደግሞ ማታ 1 ሰዓት ላይ ይደወልለት። «ለምን ቀሩ?» አይባልም። «ወንበርዎን ይዘንልዎት ነበር፣ ደኅና ነዎት?» ይባላል። ባለፈው ሐሙስ እንዲህ ብዬ ስደውል አንድ ጋሼ «ወጥቼ ነበር፣ መንገድ ላይ የጆሮ መስሚያዬ ባትሪ አለቀና ተመለስኩ፣ ሳልሰማ ምን ልሠራ?» አሉኝ። ደብተሩን ከፍቼ በገጻቸው ላይ የባትሪውን ቁጥር ጻፍኩ። አዲስ አበባ ለሚሄድ ልጅ ሰጥቼዋለሁ፣ ማክሰኞ ይዞ ይመጣል።